ኪሊን እንጂ ኩሊን አይደለም

ውድ ልጄ ኑዋላ፣

ይህን የምጽፍልሽ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ፣ አንቺ በምትቀመጪበት በመስኮቱ በኩል ሆኜ ነው። ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ሁለት ሦስት መስመር ስጽፍ እጄ ይዝላል። ሻይ አፍልቼ እቀመጣለሁ፣ ሻዩ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ትምህርቴ ያው የምታውቂው ነው፤ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው ያቆምኩት። ስህተት ካገኘሽ እንደ ልማድሽ በቀይ አታስምሪብኝ።

ሰኞ ዕለት ክሊዮና ደወለችልኝ፣ መጽሐፍሽን ያሳተመችልሽ ልጅ። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ የታመመ ሰው ቤት እንደገባች ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታናግረኝ።

«ወይዘሮ አትራክታ፣ የኑዋላ መጽሐፍ ተሸጦ አልቋል። እንደገና ልናትመው ነው» አለችኝ። «እሷ ብትኖር አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳታይ አታልፍም ነበር። እርስዎ የሚያርሙት ነገር ካለ እስከ ዓርብ ይንገሩኝ።»

«እኔ ምን አውቄ አርማለሁ?»

«የሜዳዎቹን ስም ሁሉ የነገሯት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እኔ ነኝ። መቶ አርባ ሜዳ፣ የእያንዳንዱን ስም በአየርላንድኛ እኔ ጠራሁልሽ፣ አንቺ ጻፍሽ። ስልኩን ዘግቼ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩና ገጽ ስልሳ ሦስትን ገለጥኩ። መነጽር አላስፈለገኝም፤ በቃሌ ነው የማውቀው። እንዲህ ነው ያልሽው፦

«ኩሊን። ትንሹ ጫካ ማለት ነው። ካርታው ላይ ኪሊን ተብሎ የተጻፈው የእንግሊዝ ቀያሾች ጆሮ ሁለቱን ድምፆች ስላልለየ ነው። ስሙን በትክክል ከሚጠሩት ሰዎች የመጨረሻዋ እናቴ ናት፤ እሷ ኩሊን ትለዋለች። ዛፎቹ ዛሬ የሉም። ድንጋዮቹ ግን ለመቀመጫ ይመቻሉ፤ ምሳ ይዛችሁ ከሆነ እዚህ አረፍ በሉ።»

ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ድንች እየላጥኩ ነበር። አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ እዚህ ተቀምጠሻል።

«እማ፣ ይሄ ከጎረቤታችን ከጃርላት ቤት በላይ ያለው ጥግ ግራ ገብቶኛል። በ‹ኩ› ከጀመረ ትንሽ ጫካ ነው። በ‹ኪ› ከጀመረ ግን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያውም ክርስትና ሳይነሱ የሞቱ ሕፃናት የሚቀበሩበት። ካርታው ኪሊን ይላል፤ ግን ቀያሾቹ ሁለቱን አይለዩም። አንቺ እንዴት ነው የምትጠሪው? በይልኝ እስቲ።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። አንቺ እርሳስሽን ይዘሽ አፍ አፌን ታያለሽ።

«ኩሊን» አልኩሽ።

«ዛፍ ነበረበት ማለት ነው?»

«ነበረበት። ልጅ ሆነን ቁልል ቅጠል ላይ እንጫወት ነበር።»

ደስ ብሎሽ ተነስተሽ ግንባሬን ሳምሽኝ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አልሽኝ። ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ።

ዛፍ አልነበረበትም፣ ልጄ። አንድም ቀን ዛፍ ኖሮበት አያውቅም። የዋሸሁሽ በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ የሚከብደኝም እሱ ነው።

አሁን ልንገርሽ። ከአንቺ በፊት ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አንቺ ልትወለጂ ገና አራት ዓመት ይቀርሻል። ሳያለቅስ ነው የወጣው። አዋላጇ በፎጣ ጠቅልላ ለአባትሽ ሰጠችው። ቄሱ ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም አሉ፤ ያን ጊዜ ደንቡ እንደዚያ ነበር፣ የሚከራከርም አልነበረም። አባትሽ ራሱ የቸነከረውን ሳጥን በብብቱ ይዞ ወጣ። ሲመለስ እጁን ታጠበ፣ «አልቋል» አለኝ፣ ላሞቹን ሊያልብ ሄደ። የት ጋ እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል፤ አባትሽ ማላኪ እስኪሞት ድረስ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጡቴ ወተት ያፈሳል። ሰዎቹ ስለ ዝናቡ አወሩኝ፤ እጄን የጨበጠኝ ግን አልነበረም።

አንቺን ስንቀብር ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። ሁሉም በየተራ እጄን እየጨበጠ፣ እንደ ደንቡ «ለደረሰብሽ ነገር አዝናለሁ» አለኝ። እጄ አብጦ ቀለበቴ አልወልቅ አለ። በዚያ ሁሉ መካከል ወንድምሽን ነበር የማስበው፤ ይቅር በይኝ። ለእሱ አንድም ሰው እንዳልተሰለፈለት አስብ ነበር።

ኪሊን ነው ብልሽ «እንዴት አወቅሽ?» ትዪኝ ነበር። ቀጥለሽም «እዚያ ያለ የምታውቂው ሰው አለ?» ትዪኝ ነበር። አንቺ መጠየቅ ከጀመርሽ የምታቆሚ ልጅ አይደለሽም። ሆስፒታል ሆነሽም ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። «እማ፣ ደክሞሻል፣ ሂጂ እረፊ» አልሽኝ። እውነትም ደክሞኝ ነበር። ሄድኩ።

መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ በየበጋው መንገደኞች በዚህ መስኮት ሥር ያልፋሉ። መጽሐፍሽን ይዘው፣ ሽቅብ ወጥተው፣ ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው ዳቧቸውን ይበላሉ። አረፍ በሉ ብለሻቸዋላ። እኔ እዚህ ሆኜ አያቸዋለሁ።

ትናንት እዚህ ድረስ ጽፌ አቆምኩ። አሁን ዓርብ ከሰዓት ነው። ትናንት የሆነውን ልጨምርልሽ።

ጃርላት በጓሮ በር ገባ፣ እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አለሽ በሕይወት?»

«የሚገድለኝ ጠፍቶ ነው።»

«ይሄ ሻይሽ አለ አይደል!» ብሎ ተቀመጠ።

ሁለታችሁ ስትጨቃጨቁ አሥር ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ሰምቻችኋለሁ። በበጋ አንዳንድ ቀን በሬውን እዚያ ሜዳ ላይ ይለቅቃል፣ መጽሐፉ ሳይወጣ ጀምሮ ይዘሻቸው የምትወጪ መንገደኞችሽ ፈርተው ይመለሳሉ፣ አንቺ በሩ ድረስ ሄደሽ «ምቀኛ ሽማግሌ» ትዪዋለሽ። እሱ ፒፓውን እያጨሰ «እኔ ምን ላድርግ? ጳጳሱ ሣሩን ወደደው» ይልሻል። በሬውን ጳጳሱ ብሎ የሰየመው እኔን ለማናደድ ይመስለኝ ነበር። አንቺም መጽሐፉ ላይ «ከበሬው ይልቅ ከባለቤቱ ተጠንቀቁ» ብለሽ ጻፍሽበት።

«መጽሐፉን እንደገና ሊያትሙት ነው» አልኩት።

«እሰይ! በሬዬን ሊሰድቡልኝ ነዋ እንደገና።»

«ስለ በሬህ አይደለም፣ ጃርላት። ስለዚያ ጥግ ነው።»

ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ኪሊን» አለ። በ«ኪ» ነው ያለው፣ ጥርት አድርጎ።

«ታውቅ ነበር?»

«ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለት እህቶቼ እዚያ አይደሉ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም? እንደዚያ ስትሰድብህ!»

«እናቷ ኩሊን ካለቻት እኔ ማን ነኝና ኪሊን እላታለሁ? የራስሽን ነገር ራስሽ ብትነግሪያት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። በበኩሌ የምችለውን አደረግሁ፤ በሬ አስገባሁ።»

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሻዩን እስኪጨርስ ወደ መስኮቱ ዞሮ ጠበቀኝ።

«ማላኪን ያገዘው አባቴ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ኋላ አሳይቶኛል። የት ጋ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ጳጳሱን ወደ ታችኛው ሜዳ ነድቶ ተመለሰና ክንዴን ያዘኝ። ዳገቱን ለመውጣት ሦስቴ አረፍን። ከላይ ድንጋዮቹ አሉ፤ ሁሉም ያልተጠረቡ፣ ስም የሌለባቸው ናቸው። ከአጥሩ ወዲህ ካለው ሰፊ ነጭ ድንጋይ አጠገብ ቆመ።

«ይሄ ነው» አለኝ።

ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ድንጋዩ ላይ የቆመ ውኃ ነበር፣ በመሐረቤ ጠረግሁት። ቀና ስል ጃርላት ኮፍያውን በግራ እጁ ይዞ ቀኙን ዘርግቶልኛል። እንደ ለቅሶ ቤት ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ለደረሰብሽ ነገር አዝናለሁ፣ አትራክታ» አለኝ።

ስልሳ ሁለት ዓመት ነው፣ ኑዋላ። ጨበጥኩት።

ዛሬ ጠዋት ለክሊዮና ደወልኩላት። ገጽ ስልሳ ሦስት እንዲህ ይታረም አልኳት፣ እሷም ቃል በቃል ጻፈችው፦ «ኪሊን። ክርስትና ሳይነሱ የሞቱ ሕፃናት የተቀበሩበት ነው። እባካችሁ ድንጋዮቹ ላይ አትቀመጡ። ልጄ አልተሳሳተችም፤ አሳስቼ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም አንደኛው የእኔ ነው።» ስለ በሬው ባለቤት የተጻፈውንም አውጪው አልኳት።

መልሳ አነበበችልኝ። ቀጥላ፣ «ወይዘሮ አትራክታ፣ እንግዲያው የኋላ ሽፋኑን ፎቶ መቀየር ይኖርብናል። ኑዋላ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው የተነሳችው» አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ መጽሐፉን ገለበጥኩት። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! የዝናብ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ፔርሙስሽን ታቅፈሽ ትስቂያለሽ። ፊትሽን ብቻ ነበር የማየው። ዛሬ ወደ ታች አየሁ። ሰፊ ነው፣ ነጭ ነው፣ ከኋላው አጥሩ አለ። ግራ እጅሽን ድንጋዩ ላይ ጣል አድርገሽበታል፣ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚደረገው።

«አትንኪው» አልኳት።

«ግን እኮ አትቀመጡ ብለን ጽፈን...»

«እሷ ትቀመጥ። ሁለቱ ልጆቼ አብረው ያሉበት ሌላ ፎቶ የለኝም።»

ደክሞኛል፣ ልጄ፤ እዚህ ላይ ላብቃ። ነገ ዝናቡ ካባራ ጃርላት ክንዴን ይዞ ሊያወጣኝ ቃል ገብቶልኛል። ይህን ደብዳቤ ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ወንድምሽም ይስማ።

እናታችሁ፣
አትራክታ