ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ከቤት የሚወጡት አባወራ

የሰፈሩ ሰው «ደመና ጠባቂው» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከጀልባ ቀዛፊ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ተወለዱ። በሙያ ትምህርት ቤት ብየዳ ተምረው በ1966 ዓ.ም. እዚያው ወንዙ ዳር ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ቆይተውም የደኅንነት ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

በ1971 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሐቁ ይነገር ከተባለ ግን ባለቤታቸው የገቡት በጣውንት ላይ ነው። ጣውንቲቱም ፋብሪካዋ ናት። ሰማይ ጠቆር ካለ ባልየው ወንዙ ሞልቶ እንዳይደርስባት ሊጠብቋት ቦት ጫማቸውን ያጠልቃሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ ዘንቦ ነበር፤ እርሳቸው አልነበሩም። ሁለተኛዋ ስትዳርም ዘነበ፤ ሙሽራዋን አጎቷ ሸኟት። ለባለቤታቸው ቅናቱ የእግር እሳት ሆኖባቸው፣ የሥራ ልብሱን ሲያጥቡ እንኳ የጣውንታቸው ሽታ እየመጣባቸው ይብስባቸው ነበር።

ጡረታ በወጡበት ዓመት ክረምቱን ከቤት ላይወጡ ለባለቤታቸው ቃል ገቡ። ወንዙ የሞላውም ያን ክረምት ሆነና አረፈው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ለጥንቃቄ ብለው ከኬሚካል ማጠራቀሚያ ታንከሮቹ ገሚሱን ባዶ አድርገው ኖሯል። ደመና ጠባቂው ይህን ሲሰሙ የጎረሱትን ሳይውጡ ተነሡ። ባዶ ታንከር ጎርፍ ሲያገኘው እንደ ቅል ይንሳፈፋል፤ ከሙሉዎቹ ጋር የሚያገናኘውን ቧንቧ ይበጥሳል፤ መርዙም ወደ ሰፈር ይወርዳል። ስለዚህ ባዶዎቹን ውኃ አስሞሉ፣ በሰንሰለትም አሳሰሩ። ጎርፉ ገባ፤ ታንከሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ሰፈርተኛው ሁሉ ሲመርቃቸው ባለቤታቸው አኮረፉ። ከተረፉት ቤቶች አንዱ የራሳቸው መሆኑም አላለዘባቸውም።

ወንድማችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

የደኅንነት ክፍል ባልደረቦቻቸው ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ አልተገኙም። ከትናንት ጀምሮ ሰማዩ ስለከበደ፣ እርሳቸው እንዳስተማሯቸው ባዶ ታንከር ውኃ እየሞሉ ነው። ይቅርታ ቢልኩ ባለቤታቸው እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ተዉአቸው፣ እዚያው ይሁኑ። ዛሬ እንኳ የእኔ ብቻ ይሁን።»

አምላክ ነፍሳቸውን ደመና በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ባለቤታቸውም ቀናቸው ደርሶ ሲሄዱ እቤት ያግኟቸው።