የባስራዋን ወፍ ፍለጋ

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ልብስ ተኩሼ ጨረስኩ። ከዚያ ማማ ኢልሃምን ይዤ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጃህራ ሄድኩ፣ ሸምበቆው ያለበት ኩሬ ጋ። የአሠሪዬ የማዳም እናት ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚያዩት በእኔ ዓይን ነው።

ሟች ባላቸው በየዓመቱ አንዲት ዘፋኝ ወፍ ሲፈልጉ ኖረው፣ ሳያገኟት ሞቱ። የባስራ ወፍ ይሏታል።

“ምን ትመስላለች?” አልኳቸው።

“ቡናማ። ጉሮሮዋ ነጭ፣ አፏ ረዘም ያለ። ብርዱን እናንተ አገር አሳልፋ፣ እዚህ ለአፍታ አርፋ፣ ኢራቅ ሄዳ ትፈለፍላለች።”

እኛ አገር! እሷ በየዓመቱ... እኔስ?

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደት ቀረብኝ። ዛሬም ጃህራ። ሸምበቆው ጫፍ ላይ አንዲት ቡናማ ወፍ ብቅ አለች። ማማ ክንዴን ጨመደዱት።

“እሷ ናት? የሺ፣ እሷ ናት?”

አዎ ብላቸው ማን ያውቃል? ግን ጉሮሮዋ ቢጫ ነበር። በስቅለት ልዋሽ?

“አይደለችም፣ ማማ።”

እስከ ሳልዋ፣ እስከ ቤታችን ድረስ ፊታቸውን ወደ መኪናው መስኮት አዙረው ሄዱ። ጨካኝ ነኝ?

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ቤት ደወልኩ። እህቴ ስልኩን ለልጄ ሰጠቻት። “ልደት፣ እናትሽ ናት፣ አናግሪያት።” ስልኩ ሲወድቅ ሰማሁ... ከዚያ የሩጫ ኮቴ። ጡት አስጥያት ነው የመጣሁት። አሁን ፊደል ለይታለች።

ማዳምን ኢጃዛ፣ የዕረፍት ፈቃድ ጠየቅኩ፣ አገሬ ደርሼ ልምጣ ብዬ። “እናቴን ማን ይይዝልኛል? ሙቀቱ ይለፍ።” ባለፈው ስጠይቃትም ሮመዳን ይለፍ ነበር ያለችው።

ሚያዝያ 17

አቧራ። አልወጣንም። ማማ ቀኑን ሙሉ፣ “ወፏ በዚህ ነፋስ እንዴት ትሆን ይሆን?”

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

አገኘናት!

ማማ ናቸው ቀድመው የሰሙት። ዝግ ያለ ድምፅ፣ ከራሷ ጋር የምታወራ የምትመስል። በባላቸው ባይኖኩላር፣ በዚያ ሩቅ በሚያቀርበው መነጽር፣ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ... ነጭ ጉሮሮ። ረጅም አፍ።

“ናት፣ ማማ።”

እንባቸው ወረደ። “ያን ቀን አይደለችም ባትዪኝ ኖሮ ዛሬ አላምንሽም ነበር።” ጉንጫቸውን በሻሻቸው ጠርገው፣ “ወደ ልጆቿ እየሄደች ነው። አንቺስ ልጅ አለሽ?”

እስከ ዛሬ ጠይቀውኝ አያውቁም። ሁሉን ነገርኳቸው። ስልኩን ጥላ መሮጧንም። ወፏ መቼ እንደበረረች አላየሁም።

ግንቦት 1

ምሳ ላይ ማማ ለማዳም፦ “የሺ አገሯ ትሂድ። አሁን።”

“አንቺንስ ማን ይይዝሻል?”

“አንቺ። ልጄ አይደለሽም?”

ማዳም ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ፓስፖርቴን አምጥታ ሰጠችኝ፣ ፊቴን ሳታይ። ትኬቱንም ቆረጠች።

ደወልኩ። ልደት ራሷ አነሳች።

“ልትመጪ ነው?”

“ልመጣ ነው፣ የኔ ዓለም።”

“ስንት ቀን ትቀመጫለሽ?”

እንግዳ እንደሚጠየቀው... “እስክትጠግቢኝ” አልኳት። ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው።