የስፖርት ሰዓት ማሲንቆ

ለልጄ ለስመኘው፤

መርዶህ አገራችን ድብ ባሕር ከገባ ሁለት ክረምት አለፈ። የምትጽፍልኝ እህትህ እናኑ ናት። ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ነው የሚጀመር ብላ ተከራከረችኝ። የሞተን ሰው ጤናህ እንዴት ነው አልልም፤ ዝለይው አልኋት።

እናትህ ከል አላወለቀችም። እኔም አውልቂ አላልኋት። ፊሽካህ ከምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማንም አይነካውም።

የስፖርት አስተማሪ ሆነህ በመጣህ ዓመት በስፖርት ሰዓት ማሲንቆ እንድመታ ለመንኸኝ። አዝማሪን ሰው ሠርግ ላይ ይወደዋል፣ በማግስቱ ይንቀዋል። መምህራኑ ሲሣሣቁ አይቻለሁ። አንተ ግን ከሰልፉ ፊት አቁመህ አባቴ ነው አልህ። ፊደል ባልቆጥርም ያን ቀን ከዳይሬክተሩ በላይ ነበርሁ።

ልጆቹን ጉልበት አንሡ ስትላቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። የጎንደር ልጅ ማሲንቆ ሰምቶ ጉልበቱን አያነሣም። ፊሽካህን ነፍተህ ነፍተህ ሲደክምህ ሣቅህና በሉ በትከሻ እናሙቅ ብለህ አንተም ገባህ። ከዚያ ወዲያ በዝግታ ስመታ እስክስታ፣ ሳፈጥነው ሩጫ ሆነ። ሸጋ ጊዜ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና ወሰደህ። የተቀበርህበትን እንኳ የነገረኝ የለም። አንተ ከሄድህ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ካድሬዎች እዚያው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በድምፅ ማጉያ ዘፈን ከፈቱ። ወጣቱ ጨዋታ መስሎት ሲሰበሰብ ዙሪያውን ከበው ለጦርነት አፍሰው ወሰዱት።

ባለፈው ኅዳር አዲሱ የስፖርት አስተማሪ ቤት ድረስ መጣ። አያ ዋሴ፣ እንደ ልጅዎ ጊዜ ይምቱልን አለኝ። ላንተ ብዬ ሄድሁ። እሱ የሌላ አገር ሰው ነው፣ የሜዳውን ነገር አላወቀም፤ እኔም አላሰብሁት። ደጋኑን እንደ ሳብሁ ልጆቹ ተያዩ። አንዱ አጥሩን ዘለለ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። የመታሁት የእስክስታውን ነው፣ በዝግታ፤ እነሱ ግን ሮጡ። ሜዳው ባዶ ቀረ። እኔ የጀመርሁትን አላቋርጥም፤ አስተማሪው አንገቱን ደፍቶ እንደ ቆመ እስከ መጨረሻው መታሁ።

ልጆቹን አልቀየምኋቸውም። ማሲንቆ ሰምቶ ነፍሱን ይዞ የሚሸሽ ልጅ ግን አያለሁ አላልሁም። ያ ጊዜ ይመለሳል ብዬ አልዋሽህም።

ማሲንቆውን አልሰቀልሁትም። የስፖርት ሰዓት ሲደርስ በሩን ዘግቼ ያንኑ የእስክስታውን እመታልሃለሁ፤ ልጆቹ ሰምተው እንዳይደነግጡ ቀስ አድርጌ። እናትህ ትሰማለች። እጄ እስኪዝል ድረስ ያ ሰዓት ያንተ ነው።

አባትህ ዋሴ