አምስት ደቂቃ ቀድሞ ስለ መድረስ

ለተከበሩ የአየር ማረፊያችን ሥራ አስኪያጅ፤

ይህች ደብዳቤ እጅዎ እስክትገባ ጤናዎ እንደ ሰሌዳዎ ቁጥር የማይናወጥ፣ የወላጅ ዘመድዎም ዕድሜ የረዘመ ይሁን እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሰዓት የምጠግን ሰው ነኝ። ባለፈው ወር በአገልግሎትዎ ተጠቅሜ ሳላመሰግን መቅረቴ ቢከነክነኝ ብዕር አነሳሁ።

መግቢያው ላይ ያሰቀሉት ሰሌዳ፣ ከእኛ ከተማ እስከ እናቴ ከተማ የአየር ርቀቱ 190 ኪሎ ሜትር፣ የበረራው ጊዜ 45 ደቂቃ እንደሆነ በሰማያዊ ቀለም ይናገራል። አውቶቡስ ተራራውን ሲዞር ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል። እህቴ ደውላ «እማዬ ደክማለች፣ ቶሎ ድረስ» ስትለኝ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የሚነሳውን አውቶቡስ ትቼ የሦስት ሰዓቱን አውሮፕላን የመረጥኩት ሰሌዳውን አምኜ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ለወንበርዎ። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ማምሻው አስራ አንድ ሰዓት አስተናግዶኛል። በየግማሽ ሰዓቱ «በቅርቡ እናሳፍራለን» የምትለው የድምፅ ማጉያዋ እመቤት ትሕትናዋ አንዴም አልጎደለም። ዛሬም ሱቄ ጭር ሲል ድምጿን እሰማዋለሁ፤ ቦርሳዬን ፍለጋ የተነሳሁበት ቀን አለ።

፪ኛ፦ ለአቆጣጠርዎ። ለምን ዘገየን ብዬ ብጠይቅ የመስኮቱ ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ይሄ መዘግየት አይባልም፤ እኛ የምንቆጥረው ጎማው መሬት ከለቀቀ በኋላ ነው» ብሎ አስተማረኝ። በሠላሳ ዓመት ሙያዬ እንዲህ ያለ ሰዓት ገጥሞኝ አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ወረቀትዎ አርባ አምስትን፣ እኔ ሞኙ ደግሞ ወረቀትዎን ይዘን ዋልን። ከተነሳን በኋላማ የፈጀብን አርባ ደቂቃ ብቻ ነው።

፫ኛ፦ ይህኛው የእናቴ ነው። ሰማዩን እንድታይ እህቴ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታላት ነበር። «ስንት ቀረው?» ባለች ቁጥር እህቴ ቢሮዎ ትደውላለች፤ ቢሮዎም «በረራው አርባ አምስት ደቂቃ ነው» ይላል፤ እሷም ያንኑ ትነግራታለች። ሦስት ሰዓት ላይ አርባ አምስት፣ ስድስት ሰዓት ላይ አርባ አምስት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይም አርባ አምስት። በመጨረሻ እናቴ፣ «ይሄ ልጅ ምነው አንድ ቦታ ላይ ቆመ?» አለች አሉ። ጠዋት የተውኩት አውቶቡስ አስር ሰዓት ላይ ገባ። እሷ አስር ተኩል ላይ አረፈች። እኔ ስደርስ መስኮቱ እንደተከፈተ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መፍቻዬን አስቀምጬ እቆማለሁ። አሁንም እኔ አንድ ቦታ ላይ እንደቆምኩ፣ እሷ የምትጠብቀኝ ይመስለኛል፤ እፈራለሁም። ሰሌዳው ዛሬም አርባ አምስት ይላል፤ የሌላ እናት ልጅም ያነበዋል። ቢፈቅዱ፣ ጎማው መሬት እስኪለቅ የሚፈጀውንም ከሥሩ ያስጽፉልን።

ከማያልቀው ትዕግሥቴ ጋር፣
የሰሌዳዎ ታማኝ አንባቢ፣ የወንበርዎ የረጅም ጊዜ እንግዳ፣
ሰዓት ሠሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማግስቱ፣ ቀብር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ፤ «ከተመደበው የበረራ ጊዜ አምስት ደቂቃ ቀድመው በመድረስዎ ደስ ብሎናል» ይላል። አምስቷን ደቂቃ ስላተረፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የምሰጣት ሰው የለኝምና፣ እናትዎ በሕይወት ካሉ እርስዎ ይውሰዷት።