ከቋጠሮው በታች

መጋቢት 4

ዛሬም ዋሸሁ። ግቢዬ ውስጥ ያለው ጽጌረዳ የባለቤቴ አይደለም። ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም።

ልጄ መጥታ ውሃ ስታጠጣ፣ «አባዬ፣ የእማዬ አበባ ሳሳች እኮ! አርጅታ ነው?» አለችኝ።

«እርጅና ነው።»

እርጅና! ምን አደረገችኝ ብዬ ወነጀልኳት? የባለቤቴ አበባ ድርብርብ ነበረች። ይሄ አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ... የዱር ነው።

መጋቢት 9

ከባለቤቴ ጋር ችግኝ ጣቢያ ስንሠራ ትዝ አለኝ። በአንድ ዘንግ አንድ አበባ የምታወጣውን ትልቋን ቀይ እናት አደረገቻት። በዘለላ ከሚያብበው ከአጭሩ ነጭ ጽጌረዳ የወንዴ ብናኝ በብሩሽ አንስታ ቀባቻትና በወረቀት ሸፈነቻት። «ዛሬ ሰርግ ነው፤ አንተ ሚዜ ነህ፣ ዝም ብለህ ቁም!» ከዘሩ ከበቀለው ሁሉ አንዷ ብቻ ሮዝ ሆና በዘለላ አበበች። ኃላፊያችን በዘለላ ለሚያብቡት በወጣው የፈረንጅ ስም «ፍሎሪቡንዳ ናት» አለ። እሷ ግን «ዘለላዬ» ትላት ነበር።

የዘለላን ዓይን፣ ቡቃያዋን፣ ቆርጬ በዱር ጽጌረዳ ሥር ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ፤ የተጋጠሙበት ቦታ ቋጠሮ ሠራ። «ከቋጠሮው በታች የሚያቆጠቁጠውን እንዳትምረው፣ የዱሩ ነው፣ ይበላታል» ትለኝ ነበር።

ካረፈች በኋላ መቀሷን ማንሳት አቃተኝ። ከታች ሲያቆጠቁጥ አየሁ። ይብቀል አልኩ። በዚህ ቤት አንድ ነገር እንኳ ይብቀል...

በላት።

መጋቢት 15

ልጄ ደወለች። አምና ከግቢዬ ቆርጣ እናቷ መቃብር ላይ የተከለችው አብቧል። የመትከያውን ጉድጓድ የቆፈርኩላት እኔ ነኝ። ያኔ አፌን ምን ያዘው?

አሁን ደግሞ አጠገቡ ድንጋይ ልታቆም ነው። «አባዬ፣ የአበባዋን እናትና አባት ንገረኝ፤ ድንጋይ ቀራጩ ይጽፈዋል።»

«ትልቋ ቀይና አጭሩ ነጭ» አልኩ። እውነት ነው። ግን የዚያ አበባ አይደለም።

አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ መሐሉ ላይ ጠፋኝ።

መጋቢት 16

ዱሩን ስገልጥ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ አገኘሁ። ከቋጠሮው በላይ! ዘለላ! ደህና ዓይን አንድ ብቻ ናት የቀረቻት። በአዲስ ሥር ላይ ሰካኋት። ዙሪያዋን በክር አሰርኩ። ጌታዬ፣ ይቺን ብቻ።

ሚያዝያ 2

የሰካኋት ዓይን ጠቆረች። ቅርንጫፏም ደርቋል።

ሚያዝያ 3

መቃብሩ ጋ ሄድኩ። ልጄና ድንጋይ ቀራጩ ቀድመውኛል። የተከለችው የእናቷ አበባ እንዳልሆነ ሳልቀመጥ ነገርኳት።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሥሩ ዱር ነው ልጄ። ዘለላን ተሸክሞ የነበረው።»

«የእማዬስ?»

«ሞታለች። ባለመቁረጤ እኔው ገደልኳት።»

«አምና ጉድጓዱን ስትቆፍርልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ድንጋይ ቀራጩ መዶሻውን እያገላበጠ፣ «እንግዲህ... ልጻፍ ወይስ ይቅር?» አለ። ልጄ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ተንበርክኬ የመቃብሩን ጽጌረዳ ከነሥሩ ነቀልኩት። እሾሁ እጄን ቧጠጠኝ። ይገባኛል።

ቤት ገብቼ መቀሷን አወረድኩ። ከቋጠሮው በታች ያለውን ሁሉ ቆረጥኩ። ከላይ ምንም የለም። አንድ የደረቀ ጉቶ ቀረ። መቀሱን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ እሷ ትሰቅለው የነበረበት ሰቀልኩት።