ደመና የሚታጠብበት ቤት

ሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከሄድሽ በሃያ አንደኛው ቀን

እታለሜ፣

የሰማያዊዋን ሻንጣ ቁልፍ የት ነው ያኖርሽው? አክስታችን ቤቱን አገላብጣ አጣችው። መሳቢያውን፣ የስኳሩን ቆርቆሮ፣ የክረምት ጫማሽን ሳይቀር ፈተሸች። በመጨረሻ የሻንጣውን መዝጊያ በቢላ ሰበርነው። አትቆጪኝ፤ የልጆቹ ሹራብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። «ቁልፍ እንዲህ የምትደብቅ ሴት አይቼ አላውቅም፤ ወርቅ ያላት ይመስል!» እያለች ስታጉረመርም ነበር። ክዳኑ ተከፍቶ የአንቺ ሽታ ሲወጣ ግን አንዱን ሹራብ አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

የምጽፍልሽ ስለ ልጆቹ ነው። ሆስፒታል ሳለሽ፣ ነርሷ ልታስወጣኝ በሩ ላይ ቆማ እያለች፣ እጄን ይዘሽ «የመጣው ቢመጣ አንተ ንገራቸው። ከሰው አፍ እንዳይሰሙ» አልሽኝ። «እሺ» አልኩሽ። በማግስቱ ሞትሽ። ቃሌን ጠብቄያለሁ ልልሽ እችላለሁ፤ እንዴት እንደጠበቅሁት ግን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ከቀብር ስመለስ ድብዬ የአከራያችን ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። «እማዬስ?» አለኝ። የአምስት ዓመት ልጅ አገጩን ቀና አድርጎ ሲያይሽ ምን ትያለሽ? ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ቤት ታየኝ፤ ያ የአየር ጠባይ የሚመዘግቡበት። ደመና ተጠምጥሞበት ነበር።

«እዚያ ላይ ሥራ አግኝታለች» አልኩት።

«ምን ሥራ?»

«ደመና ታጥባለች።»

የሆቴሉን አንሶላ ስታጥቢ ስለሚያውቅ ነገሩ አልገረመውም። «ሲቆሽሽ?» ብቻ አለኝ። «ሲቆሽሽ» አልኩት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ሲያረፍድ ድብዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ «ዛሬ እማዬ ብዙ ሥራ አላት» ይላል። ሲዘንብ «እየጨመቀችው ነው» ይላል። ትልቋን፣ ዳኛዋን ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ ሰባት ዓመት ሞላኝ ካለች ወዲህ ያለ ማስረጃ አትቀበልም። «በምን ሳሙና ነው የምታጥበው? የት ታሰጣዋለች? ለምን ማታ አትመጣም?» ማጣፊያው ሲያጥረኝ «ፈረቃዋ ረጅም ነው» አልኳት። መጠየቋን ተወች፤ ማመኗ ግን አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እነሱ ብቻ አያውቁም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔም ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ፣ ነገ ሲመጣ በላዩ ሌላ ውሸት እጨምርበት ነበር።

አክስታችን ዓርብ ደረሰች። እሑድ ሁለቱን ይዛ ቆላ ልትወርድ ነበር። እኔን መውሰድ አልቻለችም፤ ቤቷ ጠባብ ነው፣ ፈተናዬም ሦስት ወር ነው የቀረው። አከራያችን ዓመቱ እስኪያልቅ ክፍሉ ውስጥ ቆይ ብላኛለች።

«መንገሩን ለእኔ ተወው» አለች አክስታችን። «እዚያ ለመድ ሲያደርጋቸው ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ እንድነግራቸው ነው ያለችው።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ፣ የኔ ልጅ?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ።

«በል ነገ ከተማውን አዙረህ አሳያቸው፤ ዕቃ ስሸክፍ እግሬ ሥር ውር ውር እንዳይሉብኝ። እስክትመለሱ ከነገርካቸው ነገርካቸው። ካልነገርካቸው የእኔ ሥራ ነው።»

ስለዚህ አንድ ቀን ነበረኝ። ከተማችን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር አታመችም። ድስት ውስጥ እንደ ወደቀ ጉንዳን ነን፤ ዞረሽ ዞረሽ ግድግዳው ሥር ነሽ። ከየትኛውም መንገድ ላይ ቀና ብትዪ ያ ነጭ ቤት ያይሻል። ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ወደ ወንዙ የወሰድኳቸው ለዚያ ነው፤ ድልድዩ ሥር ተራራው አይታይም። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸውና «ልጆች፣ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው» አልኩ።

«ሽንቴ መጣ» አለ ድብዬ።

ከዚያ የሰዓት ጠጋኙ መስኮት ጋ ቆምን። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፤ አንዱ አራት ይላል፣ አንዱ ሰባት፣ አንዱ ቆሟል። ዳኛዋ ራሷን በበሩ አስገብታ «የትኛው ነው ልክ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሳ «ሁለቱ ልክ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ነው የጠፋኝ» አላት። ድብዬ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። «እንዲህማ ከሆነ ማንም አያምንህም» ብላው ወጣች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ከጠዋት ጀምረህ ታስላለህ» አለችኝ። «አሞሃል እንዴ?» አሁንም ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ረጅሙን ደረጃ ስንወጣ ድብዬ ደከመውና ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ጭንቅላቴን እንደ ከበሮ እየመታ «ፍጠን፣ በቅሎዬ!» ይላል። መንገድ ለማሳጠር ብዬ በሆቴሉ ጀርባ ታጠፍኩ። ጥፋቴ ያ ነው። የልብስ ማጠቢያችሁ እንፋሎት በግድግዳው ቀዳዳ እየተትጎለጎለ ይወጣ ነበር። «ደመና!» ብሎ ጮኸ፣ ትከሻዬ ላይ እየዘለለ። «እዚህም ይሠራሉ!»

ጩኸቱን ሰምታ ጓደኛሽ ወጣች፤ ያቺ ድምፀ ጎርናናዋ፣ የአንሶላ መተኮሻው ላይ ከፊት ለፊትሽ የምትቆመው። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርጥብ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አቀፈቻቸውና መልቀቅ አቃታት።

«ለምን ታለቅሻለሽ?» አለች ዳኛዋ፣ ከብብቷ ሥር።

«ሳሙና ነው እናቴ፣ ሳሙና ገብቶብኝ ነው።» ከዚያ በእነሱ አናት ላይ አየችኝና በሹክሹክታ «አልነገርካቸውም?» አለችኝ።

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ።»

«ዛሬ? ወይ አንተ! ሊመሽ ነው እኮ!»

ገብታ በወረቀት የተጠቀለሉ የእንግዳ ሳሙናዎች ይዛ መጣች፤ ለእያንዳንዳቸው እፍኝ ሙሉ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ድብዬ ሳሙናውን ደረቱ ላይ አቅፎ ጥቂት አሰበና «ለእማዬ እንውሰድላት። ለዚያ ሁሉ ደመና ሳሙና አይበቃትም» አለ።

«ሩቅ ነው» አልኩ።

«በገመዱ እንውጣ» አለች ዳኛዋ። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። «ከተማውን አሳያቸው አይደል የተባልከው? ተራራውም ከተማው ነው። ወጥተን እንይ።»

እምቢ ልል የምችልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እውነቱ ነው። እሱን ከማወጣው ወደ ገመዱ ጣቢያ ሄድኩ። አብረን ልንሳፈርባት ስታቅጂ የነበረችውን፣ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥላ ተራራውን የምትወጣዋን ሳጥን ታስታውሻለሽ፤ ስምንት ሰው ትይዛለች። እኛ ግን ሦስት ብቻ ነበርን። ሠራተኛው ገፋ አድርጎ አስገባንና በሩን ከውጭ ቀረቀረው። በውስጥ በኩል መክፈቻ የለውም። ጉዞው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ድብዬ የታችኛውን ከተማ እያየ ቤታችንን ፈለገ፤ አራት ጊዜ አራት የተለያዩ ጣሪያዎች እያሳየ «ያውና!» አለ። ደመናው ውስጥ ስንገባ መስታወቱ ነጣ፣ ውሃም ያንጠባጥብ ጀመር። «ይሄኛው ታጥቧል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ።

ላይ ነፋስ አለ፣ አጥርና ነጩ ቤት አለ፣ ሌላ ምንም የለም። በሩን ያንኳኳው ድብዬ ነው። አንድ ሽማግሌ የሻይ ኩባያ በእጃቸው ይዘው፣ ኮፍያቸው ጆሯቸው ላይ ተደፍቶ ወጡ።

«አባባ፣ እማዬ አለች?»

«እማዬ ማናት፣ ጌታዬ?»

«ደመና የምታጥበዋ። ሳሙና አምጥተንላታል።»

እሳቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እታለሜ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ከልጆቹ ጀርባ ቆሜ፣ እጆቼን አገናኝቼ ለመንኳቸው። በዓይኔ «እባክዎ፣ አለች ይበሉ» አልኳቸው። የልጆች ጨዋታ መሰላቸው። ፈገግ አሉ።

«እህ! እሷን ነው? ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ! ዛሬ ፈረቃዋ አይደለም። ጠዋት ወደ ቤቷ ወርዳለች።»

ድብዬ ሳሙናውን በሙሉ እጃቸው ላይ አራገፈው። ከእሱ ይልቅ ያየኋት ግን ዳኛዋን ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን እኔን ያላመነችው ልጅ እሳቸውን አመነች። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አያውቁንም፣ የሚዋሹበት ምክንያት የላቸውም። ፊቷ ሁሉ ተከፈተ። «ቤት ናት!» ብላ ጮኸች። «እኛ እዚህ፣ እሷ እዚያ! አክስቴ ብቻዋን አገኘቻት!» የወንድሟን እጅ ይዛ ወደ ሳጥኑ ሮጠች። ሽማግሌው ከኋላዬ «ሰላም በልልኝ እናታቸውን» አሉኝ።

በሩ ከውጭ ተቀረቀረ። ቁልቁል ጀመርን።

«መጀመሪያ የማቅፋት እኔ ነኝ» አለ ድብዬ።

«እኔ የወለቀውን ጥርሴን አሳያታለሁ» አለች ዳኛዋ። «አልጣልኩትም፤ ካልሲ ውስጥ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይቅርታ አጎቴ። የምትዋሽ መስሎኝ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ታች ድረስ ዝም ብል፣ ቤቱን በሩጫ ሊገቡ ነው። አክስታችንን፣ የተሰበረውን ሻንጣ፣ የተጠቀለለውን ፍራሽሽን ሊያዩ ነው። መስኮቱን አየሁ፣ በሩን አየሁ። የምሄድበት የለም።

«ቁጭ በሉ» አልኩ። «እማዬ ቤት የለችም።»

«ታዲያ የት ሄደች?»

አክስታችን «ሄዳለች በላቸው» ብላኝ ነበር። የሄደ ግን ይመለሳል። ተኝታለች ብል የተኛ ይነቃል። ያወቅኋቸው ቃላት ሁሉ መመለሻ በር አላቸው። «ሞታለች» አልኩ።

ዳኛዋ ወዲያው አላለቀሰችም። «አባባ ጠዋት ወረደች ብለዋል» አለችኝ።

«እኔ ነኝ እንዲዋሹ የለመንኳቸው።»

«ፈረቃዋስ?»

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ደመናውንም?»

«ደመናውንም።»

ተነሥታ ፊት ለፊት ካለው መቀመጫ ጥግ ሄደች። ከእኔ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ከዚያ በላይ መራቂያ የለም። ጉልበቷን አቅፋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ «አትንካኝ!» አለች። ድብዬ እሷን አየ፣ እኔን አየ። «ታዲያ ሳሙናውን ለማን ሰጠነው?» አለ። ከዚያ እሷ ስላለቀሰች እሱም አለቀሰ። ሰባት ደቂቃ ቀርቶን ነበር። ታች ሠራተኛው በሩን ሲከፍት «እንዴት ነበር ሽርሽሩ?» አለን።

አክስታችን ፊታችንን አየች። የያዘችውን የዕቃ ማሰሪያ ገመድ ጥላ ሁለቱንም ጭኗ ላይ ሰበሰበቻቸው፣ አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ ለእኔ የሚሆን ቦታ ነበረ፣ ግን አልተጠጋሁም።

ዳኛዋ እሑድ እስክትሄድ ድረስ አላናገረችኝም። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ወንድሟን አስቀመጠችው፤ እንዳታየኝ ነው። ድብዬ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ጨፍልቆ እጁን አወዛወዘልኝ። እሷ የሾፌሩን ማጅራት ብቻ እያየች ተቀመጠች። «ይበርድላታል» አለችኝ አክስታችን ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ። «ክረምት ሲመጣ ና።» ክረምት ሩቅ ነው።

እንዲህ ነው ቃሌን የጠበቅሁት። ከሰው አፍ አልሰሙም። ግን ተስፋ የሰጠኋቸውም የቀማኋቸውም እኔው ነኝ፤ ይቅር በዪኝ። ያለሽበት ይመችሽ። እጅሽ ከእንግዲህ በሳሙና አይሰንጠቅ። ልጆችሽ ይደጉልሽ፤ ዳኛዋ ከእኔ ጋር ተኳርፋም ቢሆን ትደግልኝ።

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ተጣጠብኩ፣ ቆልፌ ወጣሁ፣ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የቀሪነት ቅጽ ሰጠችኝና «ሞልተህ፣ ቤት ወስደህ አስፈርመህ ነገ አምጣ» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ መስኮት ደፍ ላይ አስደግፌ ሞላሁት። የተማሪው ስም። ክፍል። የቀረበት ምክንያት፤ «እህቴ ሞታ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የአሳዳጊ ስምና ፊርማ ይላል፤ እስካሁን አንቺ ትፈርሚበት የነበረው። አከራያችንን ልጠይቅ አሰብኩ። ከዚያ እዚያም የራሴን ስም ጻፍኩና ፈረምኩ። ተመልሼ ገባሁ።

«ቤት ወስደህ አስፈርም አልኩህ እኮ።»

«ተፈርሟል።»

አነበበችው። ጣቷን ከላይኛው ስም ወደ ታችኛው አወረደች። «ሁለቱም ያንተ ስም ነው» አለችኝ።

«አዎ።»

ጣቷን «እህቴ ሞታ» የሚለው ላይ መለሰች። ከዚያ ማኅተሙን አንሥታ መታችበትና «ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተደውሏል፤ ግባ» አለችኝ። ገባሁ።

ወንድምሽ