የሶሲ ይቅደም

ነሐሴ 24
ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ ጎብጬ ዋልኩ። የቦንጋ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሚያስፈልገው በአንድ ሳምንት ነው እንዴ? ልጄ ሶሲ ቁልፍ እየመረጠች አቀበለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወሬዋ የአሮጊት።

ባለቤቴ አብርሆት ደወለች። የጋብቻው፣ የልደቱ፣ ሁሉም ወረቀት ተተርጉሞ አልቋል። ጠበቃዋ በዚህ ሳምንት የእኔንም የሶሲንም ማመልከቻ ታስገባለች። እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ካገኘች ወዲህ የምንጠብቀው ይህንኑ ነው። መምህራኑን ወክላ ስለ ደመወዝ በተናገረች ታሰረች፤ ስትፈታ ለሥልጠና ወጥታ በዚያው ቀረች። ያኔ ሶሲ አምስት ዓመቷ ነበር…

"ሁለት ክፍል ቤት አገኘሁ" አለችኝ። "ጠባብ ነው። ለሦስት ግን ይበቃል።"

ለሦስት። ማታ ራት ስንበላም ቃሉ ከአፌ አልጠፋም።

ነሐሴ 26
ምን ጉድ ነው? አብርሆት ከሥራ ቦታ ደወለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የዚያ አገር መንግሥት፣ ስደተኛ ቤተሰቡን የሚያመጣበትን ማመልከቻ መቀበል አቆማለሁ ብሏል። ከሐሙስ በኋላ የለም። ቀድሞ የገባ ግን በነበረው ሕግ ይታያል።

"እና ዛሬውኑ አስገቢዋ!"

"ጠበቃዋ ቢሮ ሰው ደጅ ድረስ ተሰልፏል ኢያሱ። ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ አፍጋኑ… ለሐሙስ ነው የቀጠረችኝ።"

ለሶሲ አልነገርኳትም።

ነሐሴ 28
መብራት የለም። ኔትወርክም የለም። ዝናቡ…

ነሐሴ 29
ሥራ አልያዝኩም። ስልኬን ታቅፌ ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ጠራ።

"ተራዬ ደረሰ። የእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ነው የሚሞላው። ሁለቱም ላይደርስ ይችላል ትላለች። ማን ይቅደም?"

"ይሄ ይጠየቃል? የሶሲ ይቅደም።"

"አንተስ?"

"አስሞዪ አልኩሽ።"

ዘጋች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል ተብሏል። አሥራ አንድ አለፈ። ቆይታ ደወለች።

"የሶሲ ገባ።"

"የእኔስ?"

ሰው ሲያለቅስ ከጀርባዋ ይሰማኛል። እሷም እያለቀሰች ነው መሰለኝ።

"ስምህን ጻፈች። የልደትህን ቀን ጻፈች… ከዚያ ገጹ ተዘጋ።"

"ጎሽ" አልኳት። ለምን ጎሽ አልኩ? ሌላ ቃል አጣሁ።

ጳጉሜን 3
እትዬ ዙፋን፣ ጎረቤቴ፣ ጎመን ይዘውልኝ መጡ። ነገርኳቸው። "ልጅ ያላባት ልትልክ?" አሉኝ። "ያለ እናትስ ኖራ የለም?" አልኩ። ቁጣ ነበረው አነጋገሬ። እሳቸው ምን በደሉኝ?

መስከረም 20
አዲስ አበባ ደርሰን መጣን። ሶሲ ለቪዛው አሻራ ሰጠች፣ የሳንባ ምርመራም አደረገች። ጅማ ላይ መኪና ስንቀይር እንቅልፍ ወስዷት በጀርባዬ አዘልኳት። ከብዳለች። ሳላዝላት ስንት ጊዜ ሆነኝ?

ኅዳር 8
ሌላ ዜና። ከእንግዲህ ጥገኝነት የሚሰጠው ለጊዜው ነው፣ በየሁለት ዓመት ተኩሉ እንደገና ይታያል እየተባለ ነው። አብርሆት፣ "እኔ ቀድሜ ስላገኘሁ አይነካኝም ይላሉ" አለች። ድምጿ ግን ያመነ አይመስልም።

"የቤተሰቡስ መቼ ይከፈታል?"

"ለጊዜው ነው የቆመው ተብሏል።"

ለጊዜው። መስጠቱም ለጊዜው፣ መከልከሉም ለጊዜው።

ታኅሣሥ 9
የሶሲ ቪዛ ወጣ።

ታኅሣሥ 10
ዛሬ ነገርኳት።

"አንተስ አባዬ?"

"እኔ በኋላ።"

"መቼ በኋላ?"

"ሕጉ ሲፈቅድ።"

"ታዲያ እኔም ያኔ እሄዳለሁ" ብላ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ለእሷ ነገሩ አለቀ።

ታኅሣሥ 13
እምቢ ብልስ? ያለ እኔ ፊርማ አትሄድም። አልፈርምም ብል ማን ያስገድደኛል? ልጄ ናት። ጸጉሯን ስጎነጉን፣ ትኩሳቷን ሳበርድ የኖርኩት እኔ ነኝ… አብርሆትስ? በስልክ ልጇ ስታድግ ያየች እናት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አልፈርምም።

ታኅሣሥ 18
ሶሲን ይዤ ዋጫ፣ እናቴ ዘንድ ወረድኩ። ቡናው ተለቅሞ አልቋል። ሶሲ ከልጆቹ ጋር ስትሮጥ ለእማዬ የልቤን ነገርኳት።

"ብታስቀራት ታድግልሃለች" አለች። "አድጋ ግን፣ እናቴ ስትጠራኝ ማን ከለከለኝ ብላ ትጠይቅሃለች። ለዚያ ቀን መልስ አለህ?"

ዞሬ ሶሲን አየሁ።

"እኔስ ዳግም አላያትም" አለች ቀስ ብላ። "እኔን እያየህ ግን እንዳታስቀራት።"

ታኅሣሥ 20
ፈረምኩ።

ጥር 4
ከአዲስ አበባ መመለሴ ነው። በአውቶቡስ እየተንገጫገጭኩ ነው የምጽፈው።

ትናንት ብቻቸውን የሚጓዙ ልጆችን የምታጅበው የአየር መንገዱ ሴት፣ የሶሲ ስም ያለበትን ካርድ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። ሶሲ እጄን አልለቅም አለች። አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"እማዬ ባታውቀኝስ?"

"ታውቅሻለች።"

"እኔ ባላውቃትስ?"

በስልክ አይተሻት የለም ወይ ልል ነበር… "አንቺን አይታ የምታለቅሰዋ እናትሽ ናት" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተም እኮ እያለቀስክ ነው።"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ጣቶቿን ከጣቶቼ አላቀቀች። መስታወቱ ጋ ሲደርሱ ዞረች። እጄን አነሳሁ። አይታኝ ይሆን?

ጥር 5
ደርሳለች። ሶሲ አጠገቤ ተኝታለች ብላ አብርሆት መልእክት ላከች። እግዚአብሔር ይመስገን። ሱቅ አልከፈትኩም።

ጥር 11
ጥምቀት። ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። አልወጣሁም።

ጥር 21
ወንጌላዊት፣ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የጤና መድን ለማሳደስ ቤት ለቤት እየዞረች ሱቄ ገባች።

"ጋሽ ኢያሱ፣ እንደ አምናው ነው አይደል? ሁለት ሰው?"

"አንድ።"

ቀና አለች። "ሶሲስ?"

"እናቷ ጋ ሄደች። እንግሊዝ።"

እስክሪብቶዋን ጥላ ሁለት እጄን ያዘችኝ። "እሰይ! እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎት! ስንቱ እየተመኘ…" ደጅ ያለፈውን ሁሉ እየጠራች ነገረች። ባለ ሱቆቹ መጡ፣ እትዬ ዙፋንም መጡ። እሳቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው ወጡ። ሌላው በየተራ ጨበጠኝ።

"እንኳን አብሮ ደስ ያለን" አልኩ፣ ለእያንዳንዱ። ሲሄዱ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ።